ስለ መታወቂያ ወረቀትና ስለ ስም አጻጻፍ

ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጥም። በአሜሪካ አገር በዋሺንግተን ከተማ አካባቢ የሚኖር አንድ ወገናችን፣ በሲያትል የነበረው የአጎቱ ልጅ ማረፉን ማታ በስልክ ቢሰማ፣ በማግሥቱ ማለዳ በአይሮፕላን ካልተነሣ በቀር ለቀብሩ ሊደርስ አይችልም። የመኪናው መንገድ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ በመኪና እሄዳለሁ ቢል ሠልስቱ ያልፈዋል። ስለዚህ ቲኬቱን በሌሊት ይገዛል፤ ጥቂት ልብስ በትንሽ ሻንጣ ይይዝና ከአይሮፕላን ጣቢያው ይደርሳል። የፍተሻው ሠራተኛ ግን የቀረበለትን የመንጃ ፈቃድ ገልበጥ አድርጎ ከተመለከተው በኋላ «ይህ ኮከብ የለውም» ብሎ ከሰልፉ ወደ ጎን ያቆመዋል።

ይህን የተናገርነው ለምሳሌ ያህል ነው እንጂ የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም። ነገር ግን ከሜይ 7 ቀን 2025 ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን፣ ለይተን ካልተናገርን በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው በአይሮፕላን በሚሄድ ሰው ሁሉ ላይ ሊደርስ የሚችል ነገር ሆኗል። «የባሕር ማዶ መታወቂያ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገ ለትምህርት ወደዚያ የሚሻገረው ተማሪ ከዚህ ሕግ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ከዚህም በላይ፣ በዚያ አገር መስኮት ፊት ወገናችንን የሚያስቸግረው ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው በእኛው አገር መስኮት ላይ፣ በአንድ ወጣት ጸሐፊ እጅ ነው። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለሳለን።

በመጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። አሜሪካ ለዜጎቿ ሁሉ አንድ ዐይነት መታወቂያ የምትሰጥ አገር አይደለችም። ማዕከላዊው መንግሥት አንድ መታወቂያ ያውጣ የተባለ እንደ ሆነ ብዙው ሕዝብ ደስ አይለውም። በዚህ ምክንያት የመታወቂያን ሥራ ለረጅም ዘመን ሲያከናውን የኖረው የመንጃ ፈቃድ ነው፤ መኪና ለማይነዳውም ሰው ያው መሥሪያ ቤት ተመሳሳይ ካርድ ይሰጠዋል። የመንጃ ፈቃድን የሚሰጡት ግን 50ዎቹ ስቴቶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ደንብ ስለ ሆነ፣ አንዱ ጠበቅ ሲያደርገው ሌላው ያላላው ነበር።

በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ዐሥራ ዘጠኝ ሰዎች አራት የመንገደኛ አይሮፕላኖች ጠልፈው ያን ሁሉ ጥፋት አደረሱ። ነገሩን እንዲመረምር የተቋቋመው ኮሚሲዮን በ2004 ባወጣው ሪፖርት፣ ከአንዱ በቀር ጠላፊዎቹ ሁሉ የአሜሪካ መታወቂያ በእጃቸው እንደ ነበረ፣ ጥቂቶቹም በማጭበርበር እንዳገኙት ገለጸ። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ስቴት፣ ነዋሪ ያልሆኑትን ነዋሪ ናቸው ብሎ በሐሰት የሚፈርምላቸው ሰው አግኝተው መታወቂያ የወሰዱ ነበሩ። ኮሚሲዮኑም ለልደት ምስክር ወረቀትና ለመንጃ ፈቃድ አገር አቀፍ ደረጃ እንዲወጣላቸው አሳሰበ። ሪያል አይዲ የተባለው ሕግ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ በሜይ 11 ቀን 2005 የፈረሙበት ሲሆን፣ ለብቻው ቀርቦ ሳይሆን ለጦርነትና ለሱናሚ ተጎጂዎች ርዳታ ከተመደበ ገንዘብ ጋር በአንድ ሕግ ተጠቃልሎ ነበር።

ሕጉ ከሦስት ዓመት በኋላ በ2008 በሥራ ላይ ይውላል ተብሎ ነበር። አልዋለም። በ2007 የሜይን ስቴት ምክር ቤት አልቀበለውም ብሎ ወሰነ፤ ሌሎችም ተከተሉት፤ አንዳንዱ ወጪውን ፈርቶ፣ አንዳንዱም «ማዕከላዊው መንግሥት የሰውን ሁሉ መዝገብ በእጁ ሊያስገባ ነው» በማለት። ቀነ ገደቡ ተራዘመ፤ እንደገና ተራዘመ፤ 2020 ላይ ከደረሰ በኋላ የኮሮና ወረርሽኝ መጣና ወደ 2021፣ ከዚያ ወደ 2023፣ ከዚያም ወደ 2025 ተገፋ። ሕጉ ከተፈረመበት ቀን አንሥቶ በአይሮፕላን ጣቢያ በሥራ ላይ እስከ ዋለበት ቀን ቢቈጠር ሃያ ዓመት ሊሞላው የቀረው አራት ቀን ብቻ ነበር። «ተኩላ መጣ» እያለ በከንቱ የጮኸውን እረኛ ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ሃያ ዓመት ሙሉ «ዘንድሮ ነው» ሲባል የኖረ ሕዝብ ችላ ቢል፣ ጥፋቱ የሰሚው ብቻ አይመስለንም።

ሪያል አይዲ ከመንጃ ፈቃዱ የተለየ አዲስ ወረቀት አይደለም። ያው የመንጃ ፈቃድ ወይም ያው የስቴት መታወቂያ ሆኖ፣ ከላይ በቀኝ በኩል የኮከብ ምልክት ያለበት ነው። በካሊፎርኒያ ኮከቡ በድብ ሥዕል ውስጥ ተቀምጧል። ምልክቱ የሌለው ካርድ መኪና ለመንዳት እንደ ቀድሞው ያገለግላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ለፌዴራል ጉዳይ እንደማያገለግል የሚያስታውቅ ቃል ተጽፎበታል። ኮከቡ የሚፈለገው በአገር ውስጥ አይሮፕላን ለመሳፈር፣ መታወቂያ ወደሚጠይቁ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለመግባትና ወደ ኒውክሊየር ኀይል ማመንጫ ለመግባት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር እንናገር። ኮከብ የሌለው ሰው ከአይሮፕላን ይቀራል ማለት አይደለም። የጸና ፓስፖርት የያዘ ሰው፣ ፓስፖርቱ የአሜሪካም ይሁን የኢትዮጵያ፣ በእርሱ ያልፋል። ግሪን ካርድም ያሳልፋል፤ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሰጠው የሥራ ፈቃድ ካርድም እንዲሁ ነው። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጆች በአገር ውስጥ ጉዞ መታወቂያ አይጠየቁም። ሲያትል ባለችበት በዋሺንግተን ስቴትና በሌሎች አራት ስቴቶች ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ የሚሰጥ፣ በኮከብ ፈንታ የባንዲራ ምልክት ያለበት የመንጃ ፈቃድ አለ፤ እርሱም ይሠራል። እንግዲህ በመግቢያችን ላይ ያነሣነው ሐዘንተኛ፣ ከሣጥን ሥር ያስቀመጠውን ፓስፖርት በኪሱ ይዞ ቢወጣ ኖሮ ማንም ባላቆመው ነበር። በዚያ ሌሊት ይህን ያስታወሰው ሰው አልነበረም።

ኮከብ ያለውን ካርድ ለማውጣት ሰውየው ራሱ በአካል መቅረብ አለበት። ይዞ የሚቀርበውም በመጀመሪያ ማንነቱንና በአገሩ የሚኖረው በሕግ መሆኑን የሚያስረዳ ዋና ወረቀት ነው፤ ይኸውም የአሜሪካ ፓስፖርት፣ ወይም የዜግነት ምስክር ወረቀት፣ ወይም ግሪን ካርድ፣ ወይም እዚያው ለተወለደው የልደት ምስክር ወረቀት፣ ወይም በቪዛ ለገባው ቪዛው ያለበት ፓስፖርት ከመግቢያ ማስረጃው ጋር ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን፣ ከዚያም አድራሻውን የሚያስረዱ ሁለት ወረቀቶች ያቀርባል። ቁጥሩም የኢሚግሬሽኑም ወረቀት ከየመዝገባቸው ጋር ይመሳከራሉ። አዲስ የገባውን ሰው የሚያስቸግረው የአድራሻው ማስረጃ ነው፤ በዘመድ ቤት በደባልነት ስለሚኖር የኪራዩ ውልም የመብራቱም ሒሳብ በባለቤቱ ስም ነውና። የባንክ ሒሳብ መክፈትና ደብዳቤው በዚያ አድራሻ እንዲላክ ማድረግ አንዱ መፍትሔ ነው። ለጊዜው ለሚኖር ሰው፣ ለምሳሌ ለተማሪ፣ የሚሰጠው ካርድ ከመኖሪያ ፈቃዱ ዘመን አያልፍም፤ የፈቃዱ ማብቂያ ቀን ያልተወሰነ እንደ ሆነም ከአንድ ዓመት አይበልጥም።

እስካሁን የተናገርነው ቀላሉ ነው። አስቸጋሪው የሚጀምረው እነዚህ ወረቀቶች ሁሉ አንድ ስም እንዲናገሩ በተፈለገ ጊዜ ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የሚጽፈው ግን ጸሐፊ ነው። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በላቲን ፊደል ሲጽፈው በቲና በኤስ ይጀምረዋል፤ ሌላው በኤስ ብቻ። ዮሐንስን አንዱ በዋይ፣ ሌላው የፈረንጁን መጽሐፍ ቅዱስ ተከትሎ በጄይ ይጽፈዋል። ለእኛ ጆሮ ሁሉም ያው ነው። ለመመዝገቢያው መሣሪያ ግን በቲ የተጀመረችው ሴትና በኤስ የተጀመረችው ሴት ሁለት ሰዎች ናቸው። ወልደ ጊዮርጊስን የመሰለው ስም ተለያይቶ የተጻፈ እንደ ሆነ ደግሞ፣ መዝገቡ ወልደን ለአንድ ስም፣ ጊዮርጊስን ለሌላ ስም ይይዘዋል፤ ሽማግሌው በሐኪም ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳሉ «ሚስተር ጊዮርጊስ» ተብለው ቢጠሩ፣ ከቅዱሱ ሌላ ማን ጊዮርጊስ መጣ ብለው ዘወር ቢሉ አይፈረድባቸውም።

የቤተ ሰብ ስም የሚባል ነገርም በእኛ ልማድ የለም። ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ የማን ልጅ መሆኑ ሲፈለግ የአባቱ፣ ሲጠበቅም የአያቱ ስም ይጨመራል። የአሜሪካን ቅጽ የሠራው ሰው ይህን አላሰበም። የመጨረሻ ስም በሚለው ስፍራ ጓደኛችን አንድ ቀን የአባቱን ስም ይሞላል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ቅጹን የሚሞላለት ሌላ ሰው ይሆንና የአባቱን ስም ወደ መካከል አዛውሮ የአያቱን ስም በመጨረሻ ያገባል። ስለዚህ የሶሻል ሴኩሪቲው ካርድ የአባቱን፣ ግሪን ካርዱ የአያቱን ስም የቤተ ሰብ ስም አድርገው ይዘው ይገኛሉ። በአንድ ቤት ያሉ አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት ልዩ ልዩ የቤተ ሰብ ስም ይዘው ይታያሉ። ለእኛ ይህ ከቀን የበለጠ ግልጽ ነው፤ ለመስኮቱ ሠራተኛ ግን ማስረጃ የሚያስፈልገው ነገር ነው።

በአንድ ነገር የእኛ ሴቶች ዕድለኞች ናቸው። በአሜሪካ ሴት ስታገባ የባሏን ስም መያዝ የተለመደ ስለ ሆነ፣ ሁለት ጊዜ አግብታ አንድ ጊዜ የተፋታች ሴት የልደት ወረቀቷ ላይ ካለው ስም እስከ ዛሬው ስሟ ድረስ ያለውን መንገድ በጋብቻና በፍቺ ወረቀት ተራ በተራ ማስረዳት አለባት። ከእነዚህ ወረቀቶች አንዱ ጠፍቶ እንደ ሆነ ከአርባ ዓመት በፊት ጋብቻው ወደ ተመዘገበበት ከተማ ደብዳቤ መጻፍ ሊኖርባት ነው። የእኛ ሴት ግን የአባቷን ስም እስከ መቃብር ትይዛለች። ይህን መልካም ልማድ ዜግነት ስትወስድ ለውጣ የባሏን ስም የያዘች እንደ ሆነ፣ እርስዋም ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ትገባለች።

የልደት ቀን ሌላው ጣጣ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1972 የተወለደ ሰው ዘመኑ ሳይለወጥ እንዳለ ከተጻፈለት፣ በአንድ ብዕር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደ ሰው ልደቱ ሴፕቴምበር 8 ቀን መሆኑን የሚያሰላለት ካላገኘ፣ ዐሥራ ሦስተኛ ወር በሌለው አገር ወሩን የሚያስገባበት ስፍራ ያጣል። ቀኑን ጨርሶ ለማያውቀው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጃኑዋሪ 1 ይጻፍለታል፤ በዚህ ምክንያት ከአንድ ሰፈር የወጡ ብዙ ሰዎች በፈረንጅ አዲስ ዓመት የተወለዱ ሆነው ይገኛሉ። በዜግነት ምስክር ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ የሰፈረን የልደት ቀን ማስለወጥም ቀላል ነገር አይደለም።

ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞቻችን የምንናገረው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓመተ ምሕረት ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው ሰው ብዙውን ጊዜ ያለው የክርስትና ወረቀት ነው፤ አለዚያም የሽማግሌዎች ምስክርነት። የስሙ አጻጻፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በላቲን ፊደል የሚወሰነው እንግዲህ ፓስፖርት ወይም የልደት ምስክር ወረቀት ሊያወጣ በመጣበት ቀን ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሰዓቱ ሄዷል፤ ጸሐፊው ለምሳ ቸኩሏል። ስሙን ይሰማና በመሰለው ይጽፈዋል። «እማማ፣ ከዚህ ቀደም ስምዎ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት አለዎት?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነበር። እማማም ቢጠየቁ ምናልባት «ግድ የለም ልጄ፣ እንዳየኸው ጻፈው» ይሉ ይሆናል። ጸሐፊው ግን እንደዚያ ቢባልም እንኳ ሁለተኛ መጠየቅ ይገባዋል፤ እርሳቸው የማያዩትን እርሱ ያያልና። ያች ፊደል ከሃያ ዓመት በኋላ በሌላ ክፍለ ዓለም መስኮት ላይ እንደምትወጣ እርሱ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው?

አንዳንድ ጊዜ «ለፈረንጅ ፊደል ይህን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው?» ሲባል እንሰማለን። ስማችንን የምናከብር ከሆነ በማንኛውም ፊደል ቢጻፍ አንድ ሆኖ እንዲጻፍ መሻታችን የሚያሳፍር አይደለም።

ስለ ሕጉ ራሱ ያለንን አስተያየት ሳንናገር አናልፍም። ኮከቡ የሰውየውን ማንነት ይናገራል እንጂ በልቡ ያሰበውን አይናገርም። የአይሮፕላን ደኅንነት በይበልጥ የሚጠበቀው በፍተሻውና በተቈለፈው የነጂው ክፍል በር ነው። ይሁን እንጂ በሐሰት ምስክር መታወቂያ የሚወጣበትን መንገድ መዝጋት ተገቢ ነውና መንግሥት ይህን በመጠየቁ አንነቅፈውም። የምንነቅፈው ሸክሙ እኩል አለመሆኑን ነው። በአንድ ከተማ ተወልዶ፣ እዚያው ተምሮ፣ በአንድ ስም የኖረ ሰው ጉዳዩን በአንድ ጧት ጨርሶ ይወጣል። ወረቀቷ በጦርነት የጠፋባት ስደተኛ፣ ስሟ በሦስት ዐይነት የተጻፈባት መበለት ግን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ፍርድ ቤት መመላለስ ይጠብቃቸዋል። ሕጉ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው የሚናገረው።

በዚህ ላይ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ገንዘብ ተጨምሯል። ተቀባይነት ያለው መታወቂያ ሳይዝ ከአይሮፕላን ጣቢያ የደረሰ መንገደኛ ማንነቱ በሌላ መንገድ እንዲጣራለት 45 ዶላር ይከፍላል። ክፍያው ለ10 ቀን የሚያገለግል ሲሆን፣ መክፈሉ ማለፉን አያረጋግጥለትም። የመንግሥቱ መልስ፣ ወጪውን ግብር ከፋዩ ሕዝብ ሳይሆን ራሱ ባለጉዳዩ ይሸፍነው የሚል ነው። ቸልተኛውን ሰው በሚመለከት ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በፌዴራሉ ዝቅተኛ የደመወዝ ልክ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ለሚያገኝ ሠራተኛ 45 ዶላር ከስድስት ሰዓት በላይ የተሠራበት ገንዘብ ነው፤ ያች መበለትም የምትከፍለው ለራስዋ ቸልተኝነት ሳይሆን ለሌላ ሰው የፊደል ስሕተት ነው። ወረቀታቸውን ለማስተካከል ማመልከታቸውን የሚያስረዱ ሰዎች ከዚህ ክፍያ ነጻ ቢሆኑ መንግሥቱን ብዙ የሚጎዳው አይመስለንም።

በዚያ አገር ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎቻችን በሚቀጥለው ጊዜ በስልክ ስትገናኙ አንድ ነገር ብትነግሯቸው ደግ ነው። በአንድ የዕረፍት ቀን፣ ለጉዞ ሳይቸኩሉ፣ ፓስፖርቱን፣ ግሪን ካርዱን ወይም የዜግነቱን ወረቀት፣ የሶሻል ሴኩሪቲውን ካርድና የመንጃ ፈቃዱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ስሙንና የልደቱን ቀን ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። እናትና አባት ካሉ፣ ቋንቋውን የሚያውቀው ልጅ አብሮ ይቀመጥ። ልዩነት ከተገኘ የሶሻል ሴኩሪቲውን መዝገብ ማስተካከል ይቀድማል፤ የመንጃ ፈቃዱ መሥሪያ ቤት የሚያመሳክረው ከእርሱ ጋር ነውና። ቀጠሮ በሚጠይቀው ስቴት ቀጠሮውን ከቲኬቱ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ካርዱ በብዙ ስቴቶች እዚያው የሚሰጥ ሳይሆን በፖስታ የሚላክ ነው፤ እስኪደርስ ድረስ በእጅ የሚሰጠው ጊዜያዊ ወረቀት በአይሮፕላን ጣቢያ አያገለግልም። እስከዚያ ድረስ ፓስፖርቱ ከሣጥን ሥር ወጥቶ በቀላሉ ከሚገኝበት ስፍራ ይቀመጥ።